ያልተቆጣ ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከለገሀሩ ደጅ፣
ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ የማይለየው እጅ፤
አባቴ ኡመሬ ተቆጥቶ አያውቅም፣
ሰክሮ ለሰደበው መልስ እንኳ አይሰጥም።
"ሆድ ይፍጀው" ይል ነበር፤
ሆዱም ቃሉን ሰምቶ ሳይነግረው ጀመር።

ከዚራ ዛፎች ሥር፣ ከኢድ ማግስት፣
ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አየሁት በድንገት።
"ማንጎ አብዝተህ ነው" ብዬ ቀለድኩበት።
ሳቀ።
ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን ጠጥሮ ነበር፣
እንደ ደቻቱ ደለል፣ ጎርፍ እንደጣለው አፈር።

ቀኑን ይተኛና ሌሊት ይነሣል፤
ሰዓት ተገልብጦበት ጃኬት ይለብሳል።
"የጅቡቲው ባቡር ዘጠኝ ላይ ይገባል፣
ፋኖሴን የት ጣልሽው? ሐዲዱ ጨልሟል።"
አባዬ፣ ሐዲዱ ዝጓል፤
አዲሱ ጣቢያ እንኳ ከከተማው ርቋል።
አይሰማኝም። ትንፋሹ ይጣፍጣል፣
ከረጢት ውስጥ ተረስቶ እንደሰነበተ ፍሬ፣
ጣፍጦ ያስፈራል።

ከዚያ አንድ ሚስማር። ተራ ሚስማር።
ተረከዙን ወጋው፣
ሳምንት ሳይሞላ ቁስሉ ተቆጣ፤
ቁጣው እግሩ ላይ መች ቆመ፣ ወደ ላይ ወጣ።

ማክሰኞ ሌሊት ሳህኑን ወረወረ።
እኔን፣ ነጂማን፣ "አንቺ ሌባ፣ ውጪ!" አለኝ፤
በሟች እናቴ ስም ጠርቶ ደግሞ ገፋኝ።
"ጂን ነው" አሉ ጎረቤቶች።
"ጫቱ ነው" አለ አጎቴ፣ ራሱ እየቃመ።
ሆስፒታል ያደረሰን የባጃጅ ልጅ ምንም አላለም፤
ብቻ ሒሳብ አልተቀበለኝም።

ዶክተር ትርሲት፣ ገና ልጅ ናት፣ ላቧን እየጠረገች፣
"መኪና እንደሚያስቆም ሰው እጅዎን ይዘርጉ" አለችው።
ለእሱ ነው ይሄ የሚነገረው?
ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱንም እጁን ዘረጋ።
መዳፉ ወደቀ። ተነሣ። ወደቀ፤
ነፋስ እንደመታው ጨርቅ።
ስንቱን ፉርጎ ያቆመ እጅ
ራሱን ማቆም አቃተው።

ቁጥር የተበተነበት ወረቀት ሰጠችው፣
"ከአንድ ጀምረው በመስመር ያያይዟቸው።"
እሱን የታየው ጣቢያ ነው፦
ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ...
እርሳሱ አይሻ ላይ ደርሶ ቀረ።
ከአይሻ ወዲያ ያለውን
እኔ እንኳ አውቀዋለሁ።

"ጉበት ኬላ ነው" አለችኝ ኮሪደር ላይ፣
"ከአንጀት የሚመጣውን ሁሉ ይፈትሻል።
የእሳቸው ኬላ ፈርሷል፤
አሞኒያው ሳይፈተሽ እስከ አንጎል ያልፋል።"
"አምናም ያልፍ ነበር" አልኳት፣
"አምና እኮ አልሰደበኝም።"

ቀና ብላ አየችኝ።
"ልክ ነሽ። አሞኒያው ያው የአምናው ነው።
አሁን የተጨመረው ብግነቱ ነው።
የእግራቸው ቁስል ደማቸውን ሁሉ ቀሰቀሰው፣
የአንጎል ዘበኞች ጩኸቱን ሰምተው ነቁ፤
ሌባውን ትተው ቤቱን ያቃጥላሉ።
ብግነት ማለት..." ቃል ፈለገች።
"ቁጣ" አልኳት።

ሁለት መድኃኒት ታዘዘ።
አንዱ ለቁስሉ፣ በደም ሥር የሚንጠባጠብ፤
አንዱ ሽሮፕ፣ እንደ ማር የሚጣፍጥ፣ አንጀት የሚያጥብ።
ሲስተር ፈርዶሳ በሌሊት አራቴ አንሶላ ቀየረች፣
"ይውጣ፣ አቦ፣ ይውጣ" እያለች።

አርብ ጎህ ሲቀድ፣ አዛኑ ሳያልቅ፣
"ነጂማ" አለኝ። በስሜ።
ግንባሬ ላይ ያለውን ፕላስተር አየ፣
ሳህኑ የነካኝን ቦታ።
"ተቆጣሁ እንዴ?"

"አይ፣ አባዬ። ቁስልህ ነው የተቆጣ።"
ቋንቋችን አዳነኝ፤ አልዋሸሁም።

ዝም አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው
መዳፉን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።
ጣቶቹ ትንሽ ተርገበገቡ፣ ግን ቆሙ።
በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
አራት ላይ ወደቀ።

"ደወሌ" አለ፣
እጁ ከወደቀ በኋላ።